«ጋሼ፣ ሥዕሉ ፊት ተቀምጬ ምንም አይታየኝም»

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቀን ቀን አረጋውያንን በቤታቸው እንከባከባለሁ፣ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። ሐሳቤ ነርሲንግ መግባት ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ የሥነ ጥበብ ኮርስ የግድ ነው ተባልኩና የሥነ ጥበብ ታሪክ ያዝኩ። ቀላል ነው ብለውኝ ነበር። አሁን የሬኔሳንስ (ከ1400 እስከ 1600 ገደማ ያለው የአውሮፓ የጥበብ ዘመን) ሰዎች የመልክ ሥዕል ላይ ደርሰናል። መምህሯ መብራት ታጠፋና ሥዕል ግድግዳው ላይ ታበራለች። ከዚያ «ምን ይታያችኋል?» ትላለች። የ19 ዓመት ልጆች እጃቸውን እያወጡ እንደ ጉድ ያወራሉ። ለእኔ የሚታየኝ አንዲት ነጭ ሴትዮ ናት። ሁሉም አንድ ይመስሉኛል። ከልጅነቴ የማውቀው ሥዕል ቢኖር የሰፈራችን ማርያም ግድግዳ ላይ ያለውን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከኢንተርኔት ለቃቅሜ፣ ሠዓሊው መቼ ተወለደ፣ መቼ ሞተ ብዬ ሰጠሁ። «ይህንን ሁሉ መጽሐፍ ላይ አገኘዋለሁ፤ አንቺ የት አለሽ?» ብላ በቀይ ጽፋ መለሰችልኝ። በጣም አፈርኩ። አሁን በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ሥዕል መርጬ አምስት ገጽ መጻፍ አለብኝ። ጓደኛዬ ከፍለሽ አስጽፊ ትለኛለች። የእህቴ ባል ደግሞ ሥዕል ለነርስ ምን ያደርግላታል፣ ትተሽው ውጪ ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

ሥዕል የማይገባኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

እህቴ፣ ጋሼ ብለሽኛልና እኔም አንቺ ልበልሽ።

ከምክሩ በፊት አንድ የራሴን ገመና ልንገርሽ። ይኼንኑ ኮርስ እኔም ወስጄዋለሁ። ያኔ መሀል ዲሲ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራ ነበር። ከምድር ቤቱ ጭስ ወጥቼ በቀጥታ ክላስ እገባለሁ። መምህሩ መብራት ሲያጠፋ ለእኔ የመኝታ ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። አንድ ምሽት ክላሱ በሙሉ ሲስቅ ነቃሁ። ለካ አንኮራፍቼ ኖሯል። ግድግዳው ላይ ቀይ ቆብ ያደረገ ሰውዬ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ቆሟል። ኮርሱን ያለፍኩት በሲ ነው፤ ሲዋም የመምህሩ ርኅራኄ ነበረች። ሥዕል ማየት የጀመርኩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ እሱም በብርድ ምክንያት። በሁለት ፈረቃ መካከል የምጠለልበት ሙቀት ያለው ቦታ ስፈልግ፣ መግቢያው ነጻ የሆነ አንድ ትልቅ ሕንፃ አገኘሁ። እዚያ ሕንፃ እንመለሳለን፤ ላንቺም የሚበጅሽ እሱ ነው።

ሁለቱን መካሪዎችሽን ቶሎ እንሸኛቸው። ጓደኛሽ ክፉ አስባ አይደለም፤ ደክሞሽ አይታ ነው። ግን አይሆንም። ቢያዝብሽ ከኮሌጅ ሊያስወጣሽ ይችላል፤ የነርሲንግ በርም ይጠብብሻል። ባይያዝስ? መምህሯ የጠየቀችሽ «አንቺ የት አለሽ?» ብላ ነው። ለዚህ ሌላ ሰው ከፍለሽ መላክ ትንሽ አያስቅም?

ኮርሱን መተው መብትሽ ነው። የትምህርት ድጋፍ ገንዘብ የምትወስጂ ከሆነ ግን መተዉ ገንዘቡን ሊነካብሽ ይችላል። የመተዊያ ቀኑም የተወሰነ ነው። የኮሌጁን አማካሪ ሳታነጋግሪ ምንም አትፈርሚ። ለእህትሽ ባል ደግሞ ይኼን ንገሪልኝ፦ የዬል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ሙዚየም ወስዶ ሥዕል ፊት ያቆማቸዋል። የሚወስዳቸው ሠዓሊ ሊያደርጋቸው አይደለም፤ በሽተኛን ረጋ ብሎ ማየት እንዲለምዱ ነው። ካላመነ ራሱ ይፈልገው።

አሁን ወደ ዋናው። «የሰፈራችን ማርያም ግድግዳ ላይ ያለውን ብቻ» ብለሻል። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ ያቆመኝ ይኼ «ብቻ» ነው።

እዚያ ግድግዳ ላይ ነጭ ፈረስና ከሥሩ ዘንዶ ስታዪ ማንን አልሽ? ጊዮርጊስን። ክንፍ ያላቸውን፣ በአንድ እግራቸው የቆሙትን አባት ስታዪስ? ተክለ ሃይማኖትን። ስማቸውን ማን አነበበልሽ? ማንም። በአራት ዓመትሽ፣ የእናትሽን ነጠላ ይዘሽ ታውቂው ነበር። የጣሊያኗ ከተማ የፍሎረንስ ሰውም እንዲሁ ነበር፤ መንኮራኩር የያዘች ሴት ሲያይ ቅድስት ካትሪን ናት ይላል። ሥዕል ማንበብ የሚባለው ይኼው ነው። አንቺ የጎደለሽ የፈረንጆቹ ፊደል ነው እንጂ ማንበቡን ትችይበታለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሪበት። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ ሰው ሁለት ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉው፣ ሰይጣኑም ይሁዳም፣ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ ይሳላል። ይህንን ስታውቂ አድገሻል፤ ምናልባት በቃል ብለሽው አታውቂም ይሆናል። አሁን በዚህ ዓይንሽ ወደ ክላስሽ ተመለሽ። መምህሯ የኡርቢኖውን መስፍን የፌዴሪኮ ዳ ሞንቴፌልትሮን ሥዕል አሳይታችሁ ይሆናል። ቀይ ቆብ፣ የተሰበረ አፍንጫ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን የዞረ ፊት። (እኔን ያስተኛኝም እሱ ሳይሆን አይቀርም።) ከሚስቱ ከባቲስታ ስፎርዛ ጋር ፊት ለፊት ተያይተው የሳላቸው ፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ ነው። በሰፈርሽ ማርያም ሕግ ብንሄድ ሁለቱም የሲኦል ናቸው።

ለእነሱ ግን ወደ ጎን መዞር ክብር ነበር። የጥንት ሮም ነገሥታት በሳንቲም ላይ የሚቀረጹት እንዲያ ስለሆነ፣ የሬኔሳንስ ባለሥልጣን «እኔም እንደ ቄሣር» ለማለት በጎኑ ይሳላል። ፌዴሪኮ ሌላም ምክንያት ነበረው። በ1450 በፈረስ ግጥሚያ ላይ ቀኝ ዓይኑን አጥቷል። ሠዓሊው የሚያሳየን ግራውን ብቻ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ባቲስታ ደግሞ በ1472 በ26 ዓመቷ ሞታለች፤ ሥዕሉም ከሞተች በኋላ እንደተሠራ ነው ብዙዎች የሚያምኑት። ፊቷ ለምን እንዲያ እንደነጣ አሁን ገባሽ? ያ ሁሉ «አንድ ዓይነት ነጭ ሴትዮ» ከሚለው በታች ነበር።

ሴቶቹን ለየት አድርገሽ እያቸው። በፍሎረንስ ለብዙ ዘመን የተከበረች ሴት የምትሳለው በጎኗ ነው። እኛ እናያታለን፤ እሷ አታየንም። አንገቷ ላይ ሐብል፣ ደረቷ ላይ ዕንቁ፣ ራሷ ላይ ሉል ይደረደራል። ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከባልየው ቤት። ጥሎሽ ነው። እኛ ሽማግሌዎች ፊት ዘርግተን አንድ በአንድ የምንቆጥረውን እነሱ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ጊርላንዳዮ የሳላት ጆቫና ቶርናቡዎኒ ማድሪድ ውስጥ አለች። ጌጧን፣ የወርቅ ቀሚሷን፣ ከኋላዋ የተሰቀለውን ጨሌ ቆጥረሽ አትጨርሺም። በ1488 ሁለተኛ ልጇን እንዳረገዘች ሞተች። ሥዕሉ ላይም ያው 1488 ተጽፏል።

ይኼን ሁሉ የነገርኩሽ ስለ አንዲት ሴት እንድትጽፊ ፈልጌ ነው። ጂኔቭራ ዴ ቤንቺ ትባላለች። ያለችው ከቤትሽ በቀይ መስመር ባቡር ነው። ጁዲሺየሪ ስኩዌር ወርደሽ ትንሽ ትሄጃለሽ፤ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት። ያ የብርድ መጠለያዬ። መግቢያ አይከፈልም። የሳላት ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው፤ ያውም በሃያዎቹ ዕድሜው፣ ሞና ሊዛን ከመጀመሩ 25 ዓመት ገደማ ቀድሞ። በሰሜንም በደቡብም አሜሪካ ለሕዝብ የሚታይ የሊዮናርዶ ሥዕል ይኼ ብቻ ነው። ሙዚየሙ በ1967 ከሊክተንስታይን መሳፍንት ቤት ሲገዛው አምስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ፤ በጊዜው ለአንድ ሥዕል ያን ያህል ተከፍሎ አያውቅም። ወደዚህ የመጣው በአውሮፕላን፣ በሻንጣ ውስጥ ሆኖ ነው። እኛ ስንመጣ ሻንጣችን ውስጥ በርበሬና ሽሮ ነበር፤ የእነሱን አስቢው።

ስትደርሺ ትንሽነቷ ያስደነግጥሻል። ጎኑም ቁመቱም ከ38 ሳንቲሜትር ብዙም አያልፍም። እንደ ሌሎቹ ቱሪስቶች ፎቶ አንስተሽ አትለፊ። ቁሚ። ሃያ ደቂቃ ስጪያት። ሃያ ደቂቃ ምን አደርጋለሁ ካልሽኝ፣ መልክእ ድገሚ።

መልክአ ማርያም ሲደገም ሰምተሽ ታውቂያለሽ። የመልክእ ደራሲ ሰውን «ቆንጆ ነው» ብሎ አያልፍም። «ሰላም ለ…» እያለ ከራስ ጠጉር ይጀምራል፤ ፊት፣ ቅንድብ፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ ጉንጭ እያለ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል። ለእያንዳንዱ አንድ ዓርኬ (አንድ አንጓ ግጥም)፣ አንድ ሰላምታ። ከጠጉርም በፊት ደግሞ የሚነሳው ስም ነው፦ ሰላም ለዝክረ ስምኪ። ከዚህ የተሻለ የሥዕል ማያ ዘዴ የትኛውም ክላስ ውስጥ አላገኘሁም። እንግዲህ ጂኔቭራን በመልክእ ተራ እንያት።

ስሟ። ከራሷ ኋላ ያለውን ጥቁር ቁጥቋጦ እዪው፤ ቅጠሉ መርፌ መርፌ ይላል። ጥድ ነው። የእኛ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ጥድ የቅርብ ዘመድ። ጥድ በጣሊያንኛ ጂኔፕሮ ይባላል። ጂኔፕሮ፣ ጂኔቭራ። ሊዮናርዶ ስሟን በፊደል አልጻፈውም፤ ተክሎ አበቀለው። ሰምና ወርቅ ለምናውቅ ሰዎች ይኼ ማስረዳት አያስፈልገውም። ክላስሽ ውስጥ ያሉት ልጆች ጥድን የሚያውቁት በጂን መጠጥ ፍሬነቱ ይሆናል። አንቺ ግን ሽታውን ታውቂዋለሽ። በዚያ ዘመን ጥድ የንጽሕና ምልክትም ነበር።

ጠጉሯ። መሀሉ ተከፍሎ ለስላሳ ነው፤ ጆሮ ግንዷ ላይ ግን ተጠቅልሎ ይንከባለላል። አንድ አንድ ክሩን እዪ።

ፊቷ። ጥላውና ብርሃኑ የት ላይ እንደሚገናኙ መስመሩን ፈልጊው። አታገኚውም። ሊዮናርዶ ቀለሙን እርጥብ እያለ በእጁ ያሻሸዋል፤ የጣቱ አሻራ ዛሬም ቀለሙ ላይ አለ።

ዓይኖቿ። እዚህ ጋ ረጋ በይ። ሁለት ናቸው! የፍሎረንስ ሴት በጎኗ ስትሳል በኖረችበት ከተማ፣ ጂኔቭራ ፊቷን ወደ እኛ አዙራለች። ከ1474 እስከ 1478 ባለው ጊዜ እንደተሳለች ይገመታል። በፍሎረንስ እንዲህ ተሳሉ ከሚባሉት ሴቶች ቀዳሚዋ እሷ ሳትሆን አትቀርም። ወደ ሰሜን፣ በዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ በፍላንደርስ፣ ይህ አዲስ አልነበረም። እዚያው ሙዚየም ውስጥ ሮጂር ቫን ደር ዌይደን የሳላት አንዲት ሴት አለች፤ ከጂኔቭራ ወደ 15 ዓመት ትቀድማለች፤ እሷም ሁለት ዓይን አላት። ግን ዓይኗን ሰብራለች። ሄደሽ አስተያያቸው። ጂኔቭራስ የት ነው የምታየው? አንቺን ነው? አንቺን አልፎ ነው? ቂም ነው ወይስ ድካም? ይኼን አልነግርሽም። አምስቱ ገጽ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

አንገቷ። ባዶ! ሐብል የለም። ጆሮዋ ላይ ጉትቻ የለም። ትከሻዋ ላይ ጥቁር ስካርፍ ጣል አድርጋለች፤ ቀሚሷ ቡናማ ነው። ልጅቷ የሀብታም ባንከኛ ልጅ ናት። በ1474 በ16 ዓመቷ ሉዊጂ ኒኮሊኒ የሚባል ሰው አግብታለች። ጥሎሹ የት ሄደ? ጆቫናን አስታውሺና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊያቸው።

እጆቿ። የሉም። ይኼ የእኔ ተወዳጅ ክፍል ነው። ሥዕሉ ድሮ ከታች ይረዝም ነበር፤ በሆነ ዘመን ተቆርጧል። እጆቿ አብረው እንደሄዱ ይታመናል። እንግሊዝ አገር ዊንዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ ሊዮናርዶ የሴት እጆች የነደፈበት ወረቀት አለ፤ ብዙ አዋቂዎች ከዚህ ሥዕል ጋር ያያይዙታል። መቆረጡን እንዴት አወቁ? ዞረሽ ከጀርባው እዪዋ። አዎ፣ ጀርባ አለው። ሙዚየሙ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አልለጠፈም፤ በዙሪያው እንዲዞሩበት መሀል ላይ አቁሞታል። ሰዉ ግን ከፊቱ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል።

ከጀርባው የጥድ ዝንጣፊ ተስሏል፤ በግራና በቀኝ የሎሬልና የዘንባባ ቅጠል አቅፈውታል። ሁለቱ ቅጠሎች ከታች የሚገናኙበት ቦታ የለም፤ ተቆርጦ ቀርቷል። ማስረጃው እሱ ነው፤ አንቺም በዓይንሽ ታዪዋለሽ። በቅጠሎቹ ላይ በላቲን «ውበት ምግባርን ያስጌጣል» የሚል ተጽፏል። በልዩ ካሜራ ሲያዩት ከዚህ ጽሑፍ ሥር ሌላ ተገኘ፦ «ምግባርና ክብር»። ይህ ቤርናርዶ ቤምቦ የሚባል የቬኒስ አምባሳደር መፈክር ነው። ሎሬልና ዘንባባውም የእሱ ምልክት ናቸው። ቤምቦ በ1475 ፍሎረንስ መጥቶ ጂኔቭራን በአደባባይ ሲያወድሳት ነበር። እሱም ባለትዳር፣ እሷም ባለትዳር። በሰው ፊት የሚደረግ የአክብሮት ፍቅር ነው ይላሉ። እኔ እንጃ። እንግዲህ ሥዕሉን ያሳለው ማነው? ባሏ፣ ቤተሰቧ፣ ወይስ አምባሳደሩ? ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። አንገቷ ባዶ መሆኑን ይዘሽ አንቺም ግቢበት።

ጂኔቭራ ራሷ ገጣሚ ነበረች። ከግጥሟ የተረፈው አንድ ስንኝ ብቻ ነው፤ ምሕረት ትለምንና ወዲያው የተራራ ነብር ነኝ ትላለች። ይኼን አንብበሽ ዓይኖቿን ደግመሽ እዪ።

ስለ አሳሉ ጉዳይ ትንሽ ልጨምር፤ የመልክ ሥዕል ዝም ብሎ አይሳልም። አባቴ ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሳው አንድ ፎቶ አለኝ። ከኋላው በቀለም የተሳለ ፏፏቴ አለ። ግራ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ፣ እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎታል። ሰዓቱ እንዲታይ ነው። ሰዓቱ የጓደኛው ነበር። ፎቶው የተላከው ለእናቴ ቤተሰቦች ነው። አሁን የሬኔሳንስ ሥዕል ስታዪ ይኼንኑ ጠይቂ፦ ሰዓቱ የታለ? የተላከው ለማን ነው? የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሚስት ሲፈልግ ሠዓሊውን ሃንስ ሆልባይንን ይልካል። ሆልባይን በ1538 ብራስልስ ሄዶ የዴንማርኳን ክሪስቲናን በሦስት ሰዓት ውስጥ ነደፋት። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሞቶባት ጥቁር ለብሳለች። ጋብቻው ግን አልሆነም። በዓመቱ ሆልባይን አና የምትባለውን የክሌቭስ ልዕልት ስሎ አመጣ። ንጉሡ በ1540 መጀመሪያ አገባት፤ በአካል ሲያያት ግን አልወደዳትም፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ጋብቻው ፈረሰ። ፎቶ ተልኮላቸው ኤርፖርት ላይ የደነገጡ የኛ ሰዎች ስንት አሉ! አንድ ሁለቱን አንቺም ታውቂያለሽ።

ደግሞ አንድ ፈተና እንደሚገጥምሽ አውቃለሁ። ስትፈልጊ የዓፄ ልብነ ድንግልን ሥዕል ታገኚያለሽ። እውነት ነው፤ ፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም ውስጥ አለ። ፓኦሎ ጆቪዮ የሚባል ጳጳስ ኮሞ በሚገኘው ቤቱ የታላላቅ ሰዎችን መልክ ሰብስቦ ነበር። የፍሎረንስ ገዥ የሜዲቺው ኮሲሞ ሥዕሎቹን እንዲገለብጥለት ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የሚባል ሠዓሊ ላከ። የኛም ንጉሥ ከእነሱ መካከል ተሰለፈ። ልብ ያሞቃል። ቢሆንም ለዚህ ጽሑፍ አትምረጪው። ሠዓሊው ንጉሡን አይቷቸው አያውቅም፤ የገለበጠው ሥዕል ነው፤ አንቺም ፊቱ ልትቆሚ አትችይም። ያለሽ የስልክሽ ስክሪን ነው፤ እንደገና ከኢንተርኔት መልቀም ትጀምሪያለሽ። ለሌላ ጊዜ አቆዪው። መምህሯን በቢሮ ሰዓቷ ሄደሽ ብትነግሪያት ግን ደስ ይላታል። ስለ አንድ ዓይንና ሁለት ዓይንም ንገሪያት። ክላስ ውስጥ እጅ ማውጣት ከከበደሽ እዚያ ጀምሪ።

አሁን መጻፉ። ይኼም አዲስ አይደለም፤ በየቀኑ ትሠሪዋለሽ። ፈረቃሽ ሲያልቅ መዝገብ ላይ ምን ትጽፊያለሽ? «እማማ አዝነዋል» ብለሽ አትጽፊም። «ቁርሳቸውን ግማሹን ተዉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ፤ ስጠራቸው በሁለተኛው መለሱ» ትያለሽ። ማዘናቸውን ነርሷ ራሷ ትደርስበታለች። መምህርሽም የምትፈልገው ይኼንን ነው። ያየሽውን መጀመሪያ ጻፊ፤ ግምትሽን ከኋላ አስከትዪ። «ጂኔቭራ ብቸኛ ናት» ብለሽ አትጀምሪ። ከንፈሯን፣ የዓይኗን ቆብ፣ የአንገቷን ባዶነት ጻፊ፤ ከዚያ ብቸኝነት ይመስለኛል በይ። የተወለደበት የሞተበት ዓመት አንድ መስመር ይበቃዋል።

የሙያ ዓይንሽን ደግሞ አትደብቂው። ጊርላንዳዮ የሳለው አንድ ሽማግሌ አለ፤ ፓሪስ ሉቭር ውስጥ። አፍንጫው በበሽታ አባብጧል፤ የልጅ ልጁ ቀና ብሎ ያየዋል። አንቺ ያን አፍንጫ ከልጆቹ ሁሉ ቀድመሽ ታዪዋለሽ፤ ምናልባት እንዲህ ያለ አፍንጫ አጥበሽ ታውቂያለሽ። ልጁ እንደማይጸየፈውም ታዪዋለሽ። ግን አደራ፣ ለጂኔቭራ ምርመራ እንዳትጽፊላት። ገርጥታለች፣ የደም ማነስ አለባት እያሉ ሥዕል የሚያክሙ ሐኪሞች ሞልተዋል፤ ሞና ሊዛን ስንት በሽታ አስይዘዋታል።

እንግሊዝኛዬ ያሳፍረኛል የምትዪ ከሆነ (አላልሽም፤ ግን ገምቻለሁ) ሙዚየሙ ውስጥ በአማርኛ ጻፊው። መጀመሪያ በሚመጣልሽ ቋንቋ እዪ። ቤት ገብተሽ ትመልሺዋለሽ። ኮሌጅሽ የጽሑፍ ማገዣ ክፍል ካለው ደግሞ ረቂቁን ይዘሽ ሂጂ፤ ሰዋስውሽን ማስተካከል የእነሱ ሥራ ነው።

ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት፣ በሩ እንደተከፈተ ሂጂ፤ ከሰዓት በኋላ ይጨናነቃል። ትልቅ ቦርሳ አትያዢ። እስክሪብቶ ሥዕል አጠገብ አይወዱም፤ እርሳስ ያዢ። የሚመች ጫማ አድርጊ፤ ከፈረቃ በኋላ ከሆነ በተለይ። ክፍሉ ውስጥ ስትገቢ ሰዎች ፊቷ ተደርድረው ታገኛለሽ። አትጋፊ። ከጀርባው ጀምሪ፤ እዚያ ማንም አይኖርም። ጥዱን እይው፣ የተቆረጠውን ዘንባባ እይው። ሰዉ ሲበተን ዞረሽ ወደ ፊቷ ነይና እርሳስሽን አውጪ።